ቡናውን ከመተውዎ በፊት፦ ሮዜሺያን ደረጃ በደረጃ መቆጣጠሪያ መመሪያ

ጅማ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የሚቆም ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሰማው ጥያቄ አለ። ጠያቂዋ ብዙ ጊዜ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነች ሴት ናት። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ትጠብቅና ሻሿን ከጉንጯ ገለጥ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ፊቴ ይለበልበኛል፤ ቡና ስጠጣማ እሳት ይሆናል። ቡናውን ልተው ወይስ ቅባት ትሰጠኛለህ?» ትላለች። እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ፤ መልሱም ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ከነምክንያቱ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ። ሮዜሺያ የፊትን መሐል፣ ማለትም ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ ግንባርንና አገጭን የሚይዝ የቆዳ ብግነት (መቆጣት) ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም፤ እንዲያውም ፊታቸውን አብዝተው የሚፈትጉ ሰዎች ይብስባቸዋል። ሁለተኛ፣ ነቅሎ የሚያጠፋው መድኃኒት የለም፤ ግን ይያዛል። ለውጡን የሚጠብቁት በሦስት ቀን ሳይሆን ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሦስት ቀን ፊት «የሚያጠራ» ቅባት ካገኙ ደረጃ 2ን ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሽታ የሌለው፣ ብዙ አረፋ የማያወጣ የፊት ማጠቢያ
- ሽታ የሌለው የቆዳ ማለስለሻ ክሬም፤ ካልተገኘ ሽታ የሌለው ነጭ ቫዝሊን
- ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት፣ ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የጸሐይ መከላከያ
- ጃንጥላ፣ ወይም ፊትን የሚያጠላ ሰፊ ባርኔጣ
- ለፊት ብቻ የሚውል ለስላሳ የጥጥ ፎጣ
- ደብተርና እስክሪብቶ
- እስካሁን ፊትዎን የተቀቡባቸው ቱቦዎችና ብልቃጦች በሙሉ፣ ባዶዎቹም ሳይቀሩ

ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ነጭ ሽንኩርትና ዳማከሴ ከዝርዝሩ የቀሩት ተረስተው አይደለም።

ደረጃ 1፦ ሮዜሺያ መሆኑን ይለዩ

በየቦታው የሚታየው የሮዜሺያ ሥዕል እንደ ቲማቲም የቀላ የፈረንጅ ጉንጭ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ቢታይም ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ነው። በዚህ ምክንያት ሰው ለዓመታት «ምች ነው»፣ «ማድያት ነው»፣ «አለርጂ ነው» እየተባለ ይኖራል። እርስዎ ከቀለሙ ይልቅ ስሜቱን ይከታተሉ።

የእጅዎን ጀርባ ጉንጭዎ ላይ፣ ከዚያ ከጆሮዎ በታች አንገትዎ ላይ ያሳርፉ። ጉንጭዎ በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ፣ ይህም ከጸሐይ፣ ከምድጃ፣ ከትኩስ መጠጥ ወይም ከንዴት በኋላ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ያለ ቅባት እንኳን ፊትዎ የሚለበልብዎ ከሆነ፣ ትንንሽ ጠጣር ወይም መግል የቋጠሩ እባጮች በጉንጭና በአፍንጫ ዙሪያ የሚወጡ ከሆነ ሮዜሺያን ይጠርጥሩ። ዐይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል መቆርቆር፣ መድረቅና የዐይን ቆብ ጠርዝ ማበጥም የዚሁ ሕመም አካል ሊሆን ይችላል።

ከብጉር የሚለየው ጥቁር ነጥብና ቅባት የቋጠረ ቀዳዳ ባለመኖሩ ነው። ማድያት ቀለም ብቻ ነው፤ አይሞቅም፣ አያቃጥልም።

ማስጠንቀቂያ፦ በሁለቱ ጉንጮች ላይ ከሚወጣው ሽፍታ ጋር የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ የፀጉር መርገፍ ወይም የማይለቅ ትኩሳት ካለ ይህን መመሪያ ያስቀምጡና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሉፐስ የሚባለው በሽታ በዚሁ ቦታ ስለሚወጣ በደም ምርመራ መለየት አለበት።

ደረጃ 2፦ ቱቦውን ገልብጠው ያንብቡ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ ያድርጉ ብባል ይህን እመርጥ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ከቦርሳዋ ቱቦ አወጣች። ከጅራቱ እስከ አንገቱ እንደ ሰንበሌጥ ተጠቅልሏል፤ የቀረው ክዳኑና ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው። «እህቴ የሰጠችኝ ነው፤ መጀመሪያ ፊቴን መስታወት አደረገው። አሁን ግን አንድ ቀን ካልተቀባሁ ያብጥብኛል» አለችኝ። ከሁለቱ መስመር በአንዱ ላይ «ቤታሜታዞን» የሚለው ስም ነበረ። ስምንት ወር ተቀብታዋለች።

በእጅዎ ባለው ቅባት ላይ ከእነዚህ ስሞች አንዱን ይፈልጉ፦ ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታዞል፣ ሞሜታዞን፣ ፍሉኦሲኖሎን፣ ትሪያምሲኖሎን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ሃይድሮኮርቲዞን። ሁሉም ስቴሮይድ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ተቀላቅለው ስለሚመጡ ገዢው «የፈንገስ ቅባት ነው» ብሎ ይወስዳቸዋል። ቆዳ ያቀላል ተብሎ የሚሸጥ፣ ይዘቱ ያልተጻፈበት ብልቃጥም ከእነዚሁ ጋር ይቆጠር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ስቴሮይድ ብግነትን ወዲያው ያፍናል፣ ደም ሥሮችንም ያጠባል፤ ፊት በሦስት ቀን ይጠራል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሮቹ መስፋት ይለምዳሉ፣ ቅባቱ በቀረ ቁጥር ፊት ከበፊቱ ብሶ ይነድዳል። ሮዜሺያ ባልነበረበት ፊት ላይ እንኳን ሮዜሺያ መሰል ሽፍታ ያወጣል።

አቋራጭ የለውም፤ መቆም አለበት። ካቆሙ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ፊትዎ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ እባጭ ይወጣበታል። ይህ ሲሆን አብዛኛው ሰው «ቅባቱ ነበር የሚያድነኝ» ብሎ ይመለስና ከዜሮ ይጀምራል። ከአንድ ወር በላይ ከተቀቡት፣ ወይም ክሎቤታዞልን የመሰለ ብርቱ ዓይነት ከሆነ፣ ብቻዎን አያቁሙት። ሐኪሙ ቀስ በቀስ የሚቀንሱበትን መንገድ ወይም በምትኩ ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት ሊያዝልዎ ይችላል። ፊቱ እስኪረጋጋ ወራት ሊወስድ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ።

ደረጃ 3፦ ወደ ሦስት ነገር ይመለሱ

ለሁለት ሳምንት ፊትዎ ላይ የሚያርፈው ማጠቢያ፣ ማለስለሻና የጸሐይ መከላከያ ብቻ ይሁን። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካለዎት ይቀጥሉበት፤ ሌላው በሙሉ ይውጣ። በሮዜሺያ የቆዳው የላይኛ አጥር የተሰነጣጠቀ ግድግዳ ይመስላል፤ ውኃው ያመልጣል፣ የሚያስቆጣው ነገር ይገባል። ስንጥቁ ሳይደፈን የሚቀቡት መድኃኒት ራሱ ያቃጥላል።

ሀ. ጠዋትና ማታ በለብታ ውኃ ይታጠቡ። ለብታ ማለት በእጅ አንጓ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ሲያፈስሱት ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይሰማ ነው። የፊት ማጠቢያውን በጣት ጫፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙሩት፣ ያለቅልቁት። የልብስና የገላ ሳሙና አይሆንም፦ ጤነኛ ቆዳ በትንሹ አሲዳማ ሆኖ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 5 አካባቢ ሲሆን፣ የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን ከ9 ይበልጣል።

ለ. በፎጣው ተጭነው ያድርቁ፤ አይፈትጉ።

ሐ. ፊትዎ ገና ወዝ እያለው ማለስለሻውን ይቀቡ። ቫዝሊን ከሆነ የአተር ፍሬ የምታህለውን በመዳፍዎ አሙቀው ስስ አድርገው ያልብሱት። ሽቶ የተጨመረበት ቫዝሊንም ስላለ አሽትተው ይግዙ፤ ከሸተተ ይተዉት።

መ. አዲስ ነገር ሁሉ ፊት ላይ ከመድረሱ በፊት ከጆሮ ጀርባ ሦስት ሌሊት ይሞከር። ካቃጠለ ወይም ካሳከከ ገንዘቡ ይቆጭ እንጂ ፊትዎ ተርፏል።

በዚህ ደረጃ የማየው ትልቁ ስህተት ሰው በአንድ ቀን አምስት አዲስ ነገር መጀመሩ ነው። ቢሻለው የትኛው እንዳሻለው፣ ቢብስበት የትኛው እንዳባሰበት አያውቅም።

ደረጃ 4፦ ጸሐይን ይከላከሉ፣ በክረምትም ቢሆን

ከታወቁት የሮዜሺያ ቀስቃሾች መካከል ጸሐይ ከፊተኞቹ ናት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጸሐይ ጎጂ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። «ዛሬማ ዝናብ ነው» ማለት አያዋጣም፤ ጅማ ላይ ዝናቡ የዓመቱን ግማሽ ይወስዳል፣ ስስ ደመና ደግሞ አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ሙቀቱ ባይሰማዎትም ጨረሩ አለ።

የጸሐይ መከላከያውን በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ርዝመት ልክ ሁለት መስመር አውጥተው ፊትና አንገት ላይ ይቀቡ። ከዚያ ያነሰ መጠን ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ጥበቃ አይሰጥም። ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። የማዕድን መከላከያ (ዚንክ ወይም ታይታኒየም ያለበት) ጠይም ፊት ላይ አመድ የነካው ያስመስላል የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ቡናማ ቀለም የተጨመረበትን (አይረን ኦክሳይድ የሚል የተጻፈበትን) ቢጠይቁ ይሻላል።

ዋጋው ከከበደዎት ጃንጥላውን ያስቀድሙ። ሐሙስ ገበያ ሂርማታ ከሄዱ ጠዋት ጨርሰው ይመለሱ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ጨረሩ ይበረታል።

ደረጃ 5፦ የእሳቱን ሙቀት ከፊትዎ ያርቁ

ጸሐይን የሚጠነቀቁ ሰዎች ምድጃውን ይረሱታል። እንጀራ የሚጋግር ሰው ክዳኑን በከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ፊቱን ይመታዋል፤ ይህ በአንድ ጋገራ ሠላሳ አርባ ጊዜ ይደጋገማል። ቡና የሚቆላም እንደዚሁ ከሰሉ ላይ አጎንብሶ ነው።

- ምጣዱን ሲከፍቱ ክዳኑን ወደ ራስዎ ሳይሆን ወደ ሌላው ጎን ያንሡ፤ እንፋሎቱ መጀመሪያ ይውጣ።
- በር ወይም መስኮት ይከፈት፤ ወንበሩ ከምድጃው በክንድ ርቀት ይራቅ።
- በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አንገትዎ ላይ ያድርጉ። በረዶ ቀጥታ ጉንጭ ላይ አይደረግም፤ የተቆጣውን ቆዳ ጭራሽ ይጎዳዋል።
- የፀጉር ቤት ካስክ ሥር የሚቀመጡ ከሆነ ሙቀቱን ዝቅ ያስደርጉ፤ ቢቻል ፀጉርዎ በአየር ይድረቅ።
- የፊት እንፋሎትና ወይባ ጢስ ፊትዎ እስኪረጋጋ ይቆዩ። «ቀዳዳውን ይከፍታል» የሚባለው እንፋሎት ለሮዜሺያ የሚከፍተው ደም ሥሩን ነው።

ደረጃ 6፦ ደብተሩን ይጀምሩ

የሰው ሁሉ ቀስቃሽ አንድ አይደለም። አንዱን ሚጥማጣ ያነድደዋል፣ ሌላው ሚጥማጣ እየላሰ ምንም አይሆንም፤ ብስጭት ግን ያቃጥለዋል። የጎረቤትዎን ዝርዝር ወስደው ከመራብዎ በፊት የራስዎን ይያዙ። ለአሥራ አራት ቀን ማታ ማታ አራት ነገር ይጻፉ፦ ምን በላሁ ጠጣሁ፣ የት ዋልኩ፣ እንቅልፌና ስሜቴ እንዴት ነበር፣ ፊቴ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያህል ነደደ። የአንዱ ቀን ገጽ ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞ። ቁርስ ጨጨብሳ በበርበሬ። ረፋድ ላይ ቡና ሦስቱንም፣ የቆላሁት እኔ ነኝ። ምሳ ሽሮ። ከሰዓት ፈረንጅ አራዳ በእግር፣ ያለ ጃንጥላ። ማታ የቅመም ሻይ። ፊት፦ ከቡና በኋላ 6፣ ከመንገድ ስመለስ 8፣ ማታ 5።»

ከዚህ ገጽ ብቻ ቡናው ነው ማለት አይቻልም። በርበሬ አለ፣ ከሰል አለ፣ ጸሐይ አለ፣ ሻይ ውስጥ ቀረፋ አለ። ለዚህ ነው አሥራ አራት ገጽ የሚያስፈልገው። ጫት የሚቅሙም ሳያፍሩ ይጻፉት፤ የተዘጋውን ሞቃት ክፍል፣ ትኩሱን ሻይና የጎደለውን እንቅልፍ ጨምረው።

በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ መስኮት ፊት ለፊት ቆመው ፊትዎን በስልክ ያንሡ። ፎቶ የሚያሳምር ቅንብር ይጥፋ።

ደረጃ 7፦ ምግቡን አንድ በአንድ ይፈትሹ

በቡናው እንጀምር፤ ጅማ ላይ ሌላ መጀመሪያ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመ ሙከራ የሮዜሺያ ታማሚዎች ትኩስ ቡና፣ ትኩስ ውኃ፣ የቀዘቀዘ ቡናና ካፌይን ለየብቻ ተሰጣቸው። 60 ዲግሪ የሞቀው ቡና ፊታቸውን አነደደው፤ 60 ዲግሪ የሞቀው ተራ ውኃም እንዲሁ። የቀዘቀዘው ቡናና ካፌይኑ ግን አላነደዱትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ82,000 በላይ ነርሶችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ በቀን አራት ስኒና ከዚያ በላይ ባለ ካፌይን ቡና የሚጠጡ ሴቶች ቡና ከማይነኩት ይልቅ ለሮዜሺያ የመጋለጥ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ቡና መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ግን ሳይፈትሹት አይተዉት።

የስኒው ፈተና ሦስት ቀን ይወስዳል። በሦስቱም ቀን ከምድጃው ርቀው፣ ሌላ ሰው አፍልቶልዎ፣ በአንድ ሰዓት ይጠጡ፦

1. በመጀመሪያው ቀን በቡና ስኒ ትኩስ ተራ ውኃ።
2. በሁለተኛው ቀን ስኒውን በመዳፍ ጨብጠው ምንም ሙቀት እስከማይሰማዎት ድረስ የቀዘቀዘ ቡና።
3. በሦስተኛው ቀን እንደ ወትሮው ትኩስ ቡና።

ከአሥር ደቂቃና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጉንጭዎን ቁጥር ይጻፉ። ውኃው ካነደደዎትና የቀዘቀዘው ቡና ካላነደደዎት ጥፋቱ የሙቀቱ ነው፤ ለብ እስኪል እየጠበቁ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጡ። ሦስቱም ካላነደዱዎት ቀድሞ ያነድድዎት የነበረው ከሰሉና ቁላቱ ሳይሆን አይቀርም። የቀዘቀዘውም ካነደደዎት ያን ጊዜ ቡናውን ለሁለት ሳምንት ያቁሙትና ደግመው ይሞክሩት። አማቴ ቤት ለብ ያለ ቡና መጠየቅ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ እኔ «ስኒው ይቆየኝ» እያልኩ አልፌዋለሁ።

ቀሪዎቹን ተጠርጣሪዎች በየተራ ለሁለት ሁለት ሳምንት አውጥተው ይመልሷቸው።

በርበሬ፣ ሚጥማጣ፣ ዳጣና ቃሪያ፦ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ምላስ ላይ የሙቀት ስሜት የሚቀበሉ ነርቮችን ይቀሰቅሳል፤ ሰውነት በእሳት የተነካ ይመስለውና ደም ሥሮቹን ይከፍታል። አልጫው ሞልቶልናል፦ ክክ አልጫ፣ ድንችና ካሮት፣ ጎመን፣ በርበሬ ያልገባበት ሽሮ።

ቀረፋ፦ ብዙዎች አይጠረጥሩትም። የቅመም ሻይ ሲጠጡ ትኩሱም ቀረፋውም አንድ ላይ ይመጣሉ። ያለ ቀረፋ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው ያወዳድሩ። አንዳንዱን ቲማቲምና ብርቱካንም ያነድዱታል።

አልኮል፦ ጠጅም ሆነ ቢራ ወይም ወይን ደም ሥርን ያሰፋል። ማሩን ከወደዱ ያልፈላ ብርዝ ይጠጡ።

ጾም ራሱ ችግር የለበትም፤ ችግሩ አፈታቱ ላይ ነው። በረመዳን ቀኑን ሙሉ የቆየ ሰው ትኩስ ሾርባና ቃሪያ የበዛበት ሳምቡሳ በአንድ ትንፋሽ ሲጨርስ ፊቱ የሚነደው በሁለቱ ድምር ነው። በተምርና በውኃ ይጀምሩ፣ ሾርባው ለብ ይበል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያቁሙ። እንጀራውንም፣ ወተቱንም፣ ቡናውንም ትታ ከስታ የመጣች ሴት አውቃለሁ፤ ፊቷ ግን ያው ነበር፣ ምክንያቱም ቅባቷን አልተወችም።

ደረጃ 8፦ ሆድዎን ያዳምጡ

የአንጀትና የሮዜሺያ ዝምድና እውነት ነው፤ ነገር ግን በየመንገዱ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ሮዜሺያ ያለባቸው ሰዎች ላይ አንዳንድ የአንጀት ሕመሞች በብዛት ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጣሊያን ውስጥ የወጣ ጥናት በታማሚዎቹ ቀጭን አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ ከልክ በላይ መራባቱን በብዛት አግኝቷል፤ ያ ሲታከም የብዙዎቹ ፊት ተሻሽሏል። ይህ ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

ስለዚህ ሆድዎ ካላስቸገረዎት «አንጀት ማጽጃ» አይግዙ። ከተመገቡ በኋላ ሁልጊዜ የሚነፋዎት፣ ጋዝ የሚበዛብዎትና ሰገራዎ የማይረጋ ከሆነ ለሐኪሙ ከፊትዎ ጋር አያይዘው ይንገሩት። ያለበለዚያ የሚረዳው የታወቀው ነገር ነው፦ ገብስ፣ ምስር፣ አተርና ጎመን መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመሩ፣ ውኃ እየጠጡ። በአንድ ጊዜ ከጨመሩት ሆድ ይነፋል፣ ሰውም ምስሩን ይወቅሳል። እርጎ ከተስማማዎት ይብሉ፤ እንጀራም የቦካ ነው ብለው አይሽሹት፣ ደብተሩ ካልመሰከረበት በቀር።

የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) እኛ አገር ብዙ ሰው ላይ አለ። የጨጓራ ሕመም ካለዎት ይመርመሩ፤ በሰገራ ሲመረመሩ ኦሜፕራዞልን የመሰለ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ አራት ሳምንት አስቀድሞ መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ምርመራው ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። መድኃኒቱን ሲወስዱ ፊትዎ ቢሻሻል ይደሰቱ፣ ግን «ተገላገልኩ» አይበሉ፤ ለጨጓራ የሚታዘዙት አንቲባዮቲኮች በራሳቸው የፊትን ብግነት ስለሚያበርዱ ሲያልቁ ሊመለስ ይችላል። ለፊት ሲባል ብቻ አንቲባዮቲክ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አይውሰዱ። የሚሸጥልዎ ቢያገኙም እንኳን።

ደረጃ 9፦ መድኃኒት ከታዘዘልዎ በትክክል ይጠቀሙበት

ለእባጮቹ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ሜትሮኒዳዞል 0.75 በመቶ ጄል፣ አዜላይክ አሲድ 15 ወይም 20 በመቶ፣ እና አይቨርሜክቲን 1 በመቶ ክሬም ናቸው። ሁሉም በሁሉም መድኃኒት ቤት አይገኙም። አዜላይክ አሲድ እባጩ ትቶት የሚሄደውን ጥቁር ጠባሳም ስለሚያደበዝዝ ለጠይም ቆዳ ተመራጭ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ መቆጥቆጡ የሚጠበቅ ነው።

ፊትዎ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ሩብ ሰዓት ይቆዩ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ የበለጠ ያቃጥላል። የአተር ፍሬ የምታህለውን በአምስት ቦታ ነጥብ አድርገው በሙሉው ፊት ላይ ያዳርሱ፣ ከዚያ ማለስለሻውን ይደርቡበት። እባጩ ላይ ብቻ መጠቅጠቅ ነገ የሚወጣውን አይከላከልም። አሥራ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «አልሠራም» አይበሉ።

አይቨርሜክቲን የሚሠራው ዴሞዴክስ የምትባል በዐይን የማትታይ የቆዳ ተባይን በመቀነስና ብግነቱን በማብረድ ነው። ከአንጀት ትል ጋር አይገናኝም፤ ለከብት የሚወጋው ፈሳሽም ፊት ላይ አይቀባም።

ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘልዎ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኙ፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ከወተት፣ ከብረት እንክብልና ከሚጠጣ የጨጓራ ማስታገሻ በሁለት ሰዓት ይለያዩት፤ አንድ ላይ ከገቡ መድኃኒቱ በሚገባው መጠን ወደ ደም አይገባም። ቆዳን ለጸሐይ ስስ ያደርጋል፣ ስለዚህ ደረጃ 4 እጥፍ ይጠበቅ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም እርግዝና ከጠረጠሩ ሳይወስዱት በፊት ይናገሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዐይንዎ ካመመዎት፣ ብርሃን ካልቻለ ወይም እይታዎ ከደበዘዘ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን የዐይን ሐኪም ይይዎ። ሮዜሺያ የዐይንን ብሌን ሊያቆስል ይችላል። መቆርቆሩ ቀላል ከሆነ በለብታ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተዘጋው ቆብ ላይ አምስት ደቂቃ እያሳረፉ ጠርዙን በቀስታ ይጥረጉ።

ደረጃ 10፦ ወደ ሐኪም ሲሄዱ

በአሥራ ሁለት ሳምንት ካልተሻለዎት፣ አፍንጫዎ እየወፈረና እየጎረበጠ ከመጣ (ይህ ወንዶች ላይ ይበዛል)፣ ወይም ከስቴሮይድ መላቀቅ ካቃተዎት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ጅማ ላይ ሪፈራሉ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ከተላኩ ደግሞ በቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል አለ።

በዚያ ጠዋት ፊትዎን በውኃ ብቻ ታጥበው፣ ምንም ሳይቀቡ ይሂዱ፤ ዱቄትና ቅባት እባጩን ይሸፍናል። ደብተሩን፣ ሳምንታዊዎቹን ፎቶዎችና ቱቦዎቹን በፌስታል ይያዙ። ቱቦውን ማሳየት ያሳፈራቸው ሰዎች «ምንም አልተቀባሁም» ይላሉ፤ ሐኪሙም ለሌላ በሽታ መድኃኒት ጽፎ ይልካቸዋል፤ ማዘዣውን ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ ነው ቱቦው ከቦርሳ የሚወጣው።